የሙሂዲን ድምፅ በዋንዛው ቡፌ

ቡርሳ፣ ቱርክ
ጥቅምት 8 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ ለዓብዱልመጂድ፣ አምቦ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። አክስቴ ሳቢራስ እንዴት ናት? ጉልበቷን ተሻላት? እኔ አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ። እዚህ ብርዱ ገብቷል፤ ያው እንደሚያውቁት የሰው ኮምፒዩተር ስጠግን ሱቅ ውስጥ ስለምውል ብዙ አይጎዳኝም።

አጎቴ፣ በደወልኩ ቁጥር ስልኩን የምታነሳው አክስቴ ናት። “አሁን ወጣ፣ ሶላት ላይ ነው፣ ደንበኛ መጥቶበታል” ትለኛለች። አባባ ከሞተ ዓመት ከአምስት ወር ሆነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ የእርስዎን ድምፅ አንድ ቀን አልሰማሁም። ስለዚህ መጻፍ ይሻላል አልኩ። የሚያደርስልኝ ሰይፈዲን ነው፤ ከኢስታንቡል ልብስ እየጫነ መርካቶ የሚያወርድ የወራቤ ልጅ። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ይመላለሳል።

ልመናዬ ይህ ነው። አባባ ፎቶ ቤቱ ውስጥ የተወው ሃርድ ዲስክ አለ፤ ጠፍጣፋ መጽሐፍ የሚያክል ብረት። የቀረጻቸው ሠርጎች ሁሉ፣ የአምቦው፣ የጉደሩ፣ የጊንጪው፣ እዚያ ውስጥ ናቸው። አባባ ምስሉ ላይ የለም፤ ሁልጊዜ ከካሜራው ኋላ ነው። ነገር ግን አፉ አያርፍም ነበር። “ሚዜዎች ጠጋ! እናት፣ ቀና በሉ!” ይላል። የእሱ ፎቶ አለኝ፤ ድምፁ የለኝም።

አንድ ኮምፒዩተር እንሥራ። ሰርቨር ይሉታል፤ ሌት ተቀን በርቶ ፋይል የሚጠብቅ፣ የኢንተርኔት መስመር ሲገባለት ደግሞ እኔ ከዚህ ሆኜ የምከፍተው። የአገሩም ሰው እየመጣ የሠርጉን ምስል ይወስድበታል። ፎቶ ቤቱ ሁለት ጊዜ ተሰብሮ እንደነበር አልረሳሁም፤ ኮምፒዩተር በብብት ይወጣል፣ ቡፌ ግን አራት ሰው ይፈልጋል። እርስዎ ቡፌ ይሥሩልኝ፣ የውስጡን ዕቃ እኔ እልካለሁ።

ሰይፈዲን ይህን ባደረሰልዎ ሳምንት፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እደውላለሁ። እባክዎ እርስዎ ያንሱት።

ልጅዎ ሰልሳቢል ሙሂዲን

—

አምቦ
ታኅሣሥ 3 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰልሳቢል

ወዓለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላህ። አላህ በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። እኛ ደህና ነን። የሳቢራ ጉልበት ብርድ ሲሆን ያማታል፤ ምላሷ ግን እንደ ድሮው ነው።

ሥራ ቀዝቅዟል። ሰው ከአዲስ አበባ የተገጣጠመ የኤምዲኤፍ ዕቃ እየገዛ ይመጣል፤ ሁለት ክረምት ሳይሞላው ያብጥና እኔ ጋ ለጥገና ያመጣዋል። ሁለቱ ሠራተኞቼ ሄደዋል፤ ብቻዬን ነኝ። ፎቶ ቤቱን በየቅዳሜው እከፍተዋለሁ፣ አቧራ አራግፌ እዘጋዋለሁ።

ስለ ስልኩ፦ እኔ የስልክ ሰው አይደለሁም። ወረቀት ይሻለኛል፤ ወረቀት ተመልሶ ይነበባል። ዓርብ ጉደር ነበርኩ።

ስለ ቡፌው እሺ ብያለሁ። ግን እንጨት የማይነገረው ነገር ካለ ይበላሻል፤ ስለዚህ ንገሪኝ። ዕቃው ቁመቱና ስፋቱ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? ይሞቃል? ይንቀጠቀጣል? በቀን ስንት ሰዓት ይበራል? ከባኮ መንገድ የመጣ፣ ጥላ ውስጥ ሰባት ዓመት የደረቀ ዋንዛ አለኝ። ለሳቢራ አልጋ ብዬ ያስቀመጥኩት ነበር። ጠየቅኋት፤ “ለሙሂዲን ከሆነ እኔ መሬትም ላይ እተኛለሁ” አለች።

አጎትሽ ዓብዱልመጂድ

—

ቡርሳ
ጥር 20 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ

አሰላሙ ዓለይኩም። ደብዳቤዎን አምስቴ አነበብኩት። ዓርብ አክስቴ “መስጊድ ነው” ብላኝ ነበር፤ እርስዎ ደግሞ ጉደር ነበርኩ ይላሉ። ይሁን።

ዕቃዎቹን ሰይፈዲን ይዟቸዋል። እያንዳንዱ ላይ ቁጥር ለጥፌያለሁ፣ ሥዕሉ ላይም ያው ቁጥር አለ። ልኬቱ ከሥዕሉ ሥር ተጽፏል። መሞቁ አይቀርም። ሙቀት ወደ ላይ ስለሚሄድ ከታች የአየር መግቢያ፣ ከኋላ ከላይ በኩል መውጫ ይብሱለት፤ እንደ ማድቤት ጭስ መውጫ ያስቡት። ትልቁ ጠላቱ የእርስዎ ሰጋቱራ ነው። መግቢያው ላይ ስስ ጨርቅ ይወጥሩበት፣ በየሳምንቱ ይታጠብ። መብራት ሲቆራረጥ እንዳይጎዳ ባትሪ ያለው ሣጥን አብሬ ልኬያለሁ።

አሁን የምጽፈውን ደግሞ አደራ። ዲስኩ ሁለት መሆን ነበረበት፤ አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲተርፍ፣ አንዱ የሌላውን ይገለብጣል። ሁለተኛው ግን የሰይፈዲን ሻንጣ ሞልቶ ቀረ፤ በሚቀጥለው ጉዞ ይመጣል። እስከዚያ የአባባ ዲስክ ብቻውን ነው፣ አርጅቷልም። በየጠዋቱ ጆሮዎን ወደ ቡፌው ጠጋ ያድርጉ። ደህና ከሆነ እንደ ንብ ቀፎ “እምም” ይላል። “ቀጭ፣ ቀጭ” ማለት ከጀመረ ግን አንድ ደቂቃ ሳይቆዩ ያጥፉትና ሁለተኛው እስኪመጣ አይንኩት። ሊሞት ሲል የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ያ ብቻ ነው።

ልጅዎ ሰልሳቢል

—

አምቦ
መጋቢት 12 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰልሳቢል

ወዓለይኩሙ ሰላም። ረመዳን ሊገባ ነው፤ አላህ በሰላም ያድርሰን።

ቡፌው አልቋል። ቁመቱ እስከ ደረቴ ይደርሳል። እግሮቹን አራት ጣት ከፍ አድርጌ ከሥር አየር እንዲገባ ተውኩ። የኋላውን ሳንቃ ስድሳ አራት ቦታ በሳሁት፤ ሳቢራ “ወንፊት ነው የሠራኸው?” አለችኝ። ምስማር አልነካውም፣ በመገጣጠሚያና በኮላ ብቻ ነው የቆመው። ወደ ፎቶ ቤቱ ያስገባነው እኔ፣ እንጨት የሚያቀርብልኝ ኦቦ ኢዶሳና ሁለት ጎረቤቶች ነን፤ ያልሽው አራት ሰው እውነት ሆነ።

የውስጡን ዕቃ ቁጥር በቁጥር ገጠምኩት። የፈራሁት ያንን ትንሽ ባለ ብዙ እግር ዕቃ፣ የኮምፒዩተሩን አንጎል፣ ማስቀመጥ ነበር፤ ቀንዱን እንደያዙት ወይፈን ሳይንቀሳቀስ ገባ። ከግቢያችን ክፍል የተከራየች ሴና የምትባል የኮምፒዩተር አስተማሪ አለች፤ ጊንጪ ታስተምራለች፣ ቅዳሜ ብቻ ትመጣለች። እሷ የሙሂዲንን ስክሪን አገናኘችልኝና ስክሪኑ በራ።

ከዚያ ወዲህ ከዙሁር በኋላ በሩን ዘግቼ ብቻዬን አያለሁ። ወንጪ ሐይቅ ዳር ሙሽሮች በፈረስ ሲሄዱ አየሁ። የብዙ ሟች ፊት አየሁ። ሙሂዲንንም አየሁት፣ ፊቱን ሳይሆን እጁን። የሙሽራ ቬሎ ሊያስተካክል ከካሜራው ኋላ እጁን ይዘረጋል። ጣቱ ላይ ልጅ ሆነን እኔ በመጥረቢያ መትቼው የቀረ ጠባሳ አለ። ስክሪኑን በእጄ ነካሁት።

ዲስኩ ደህና ነው። እንደ ንብ ቀፎ እምም ይላል።

አጎትሽ ዓብዱልመጂድ

—

ቡርሳ
ሚያዝያ 4 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ

አሰላሙ ዓለይኩም። ረመዳን ሙባረክ። ስለ እጁ የጻፉትን ኢፍጧር ላይ እያነበብኩ ሾርባዬ ቀዘቀዘ።

ግን አጎቴ፣ ስለ ድምፁ አንድ ቃል አልጻፉም። ምን ይላል? አሁንም ሚዜዎቹን ይቆጣል? ይስቃል?

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። በ2007 መስከረም ለትምህርት ስሄድ በር ላይ ቀርጾኛል። የመኪናው ሞተር ከተነሣ በኋላ አባባ አንድ ነገር ተናገረ፤ አልሰማሁትም። መስኮቱን ሳወርድ ታጠፍን። ከዚያ በኋላ በስልክ ብዙ አውርተናል፤ ያን ቀን ምን እንዳለኝ ግን ጠይቄው አላውቅም። ያንን ፈልገው ያለውን ቃል በቃል ይጻፉልኝ።

ይህን ደብዳቤ በሌላ መንገደኛ ልኬዋለሁ፤ ሁለተኛው ዲስክ ከዒድ በኋላ በሰይፈዲን እጅ ይደርስዎታል። እስከዚያ ማዳመጡን አይተዉ።

ልጅዎ ሰልሳቢል

—

ቡርሳ
ነሐሴ 2 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ

አሰላሙ ዓለይኩም። ሰይፈዲን ዲስኩን በግንቦት መጨረሻ በእጅዎ እንደሰጠዎት ነግሮኛል። ሁለት ወር አለፈ። እርስዎ አልጻፉም፣ አክስቴም ስልክ ላይ ስጠይቃት ወሬ ትቀይራለች።

ለቀብር ባለመምጣቴ ከሆነ ይንገሩኝ። በዝምታ ግን አይቅጡኝ፤ ስድብም ቢሆን ይጻፉልኝ።

ሰልሳቢል

—

አምቦ
መስከረም 15 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰልሳቢል

ወዓለይኩሙ ሰላም። ስለ ጤናሽ ከመጠየቄ በፊት ማለት ያለብኝን ልበል።

የአባትሽ ዲስክ ሞቷል። ግንቦት 13 ቅዳሜ ነበር፤ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖብኝ ሴናን ጠራኋት። በሩን ገና እንደከፈተች ፊቷ ተለዋወጠ። ወረቀት አንሥታ “ጋሼ፣ ይሄ ድምፅ ከጀመረ ስንት ጊዜው ነው?” ብላ ጻፈችልኝ። ወረቀት ላይ የጻፈችው በአፏ ጠይቃኝ ስላልመለስኩላት ነው። ያንቺ ዲስክ የደረሰው ከዚያ በኋላ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። የሞተውን አዲስ አበባ ወስጄ ከፍተው አዩት፤ ውስጡ ያለው ሰሌዳ ተፍቋል፣ ምንም አይገኝም አሉኝ።

ልጄ፣ እኔ አልሰማም። በ2009 ጀመረኝ፣ በ2011 ጨርሶ ሄደ። ሠላሳ ስምንት ዓመት መላጊያ ማሽን አጠገብ ስቆም ጥጥ እንኳ ጆሮዬ ውስጥ አልወተፍኩም። ሐኪሙ ያለውን ጽፎ የነገረኝ ሙሂዲን ነው። ከእሱና ከሳቢራ በቀር ለማንም አልተናገርኩም፤ ደንቆሮ አናጢ ማን ሥራ ይሰጠዋል? ልኬት ሁሉ ወረቀት ላይ አስጽፋለሁ፤ ሰው ጥንቃቄ ይመስለዋል። ያልሰማሁትን በሳቅ አልፈዋለሁ። በሚያዝያ ኦቦ ኢዶሳ ወደ ቡፌው እየጠቆመ አንድ ነገር ሲለኝም ሳቅሁ። በኋላ ስጠይቀው “ሀንቱታ ገብቶበታል” ነው ያልኩህ አለ፤ አይጥ ማለቱ ነው። አይጥ አልነበረም።

እምም ይላል ብዬ የጻፍኩልሽ ከራስሽ ደብዳቤ ገልብጬ ነው።

የጠየቅሽኝን ቪዲዮ አሥር ጊዜ አይቼዋለሁ። መኪናው ውስጥ ሆነሽ እጅሽን ታውለበልቢያለሽ። አንድ ቦታ ላይ ካሜራው ትንሽ ይነቃነቃል፤ ያኔ እየተናገረ እንደሆነ አውቄያለሁ። እኔ ከንፈር አነባለሁ፤ እሱ ግን ከካሜራው ኋላ ነው። ሳቢራን ጠርቼ ማስደመጥ እችል ነበር። ለእሷም “ለልጅቱ ችግሬን ጽፌላታለሁ” ብዬ ዋሽቻት ስለነበር፣ ደብዳቤሽን ብታይ ይገለጥብኛል ብዬ ፈራሁ። በፍርሃቴ የወንድሜን ድምፅ ገደልኩት።

ለቀብሩ አንድም ቀን ተቀይሜሽ አላውቅም። አውፍ በዪኝ።

አጎትሽ ዓብዱልመጂድ

—

ቡርሳ
ኅዳር 10 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ

አሰላሙ ዓለይኩም። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ቀን ሱቁን አልከፈትኩም። አለቀስኩ፣ ተናደድኩ። አንድ ቃል “አልሰማም” ቢሉኝ መብራት የሚያሳይ ማስጠንቀቂያ እገጥምበት ነበር፤ ዋጋውም የሁለት ዳቦ ነው። ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልኩም።

ቁጣዬ ሲበርድ ግን የራሴ ነገር መጣብኝ። ለሁሉም ሰው የምነግረው “በኮሮና አውሮፕላን ቆሞ ስለነበር ለአባቴ ቀብር አልደረስኩም” ብዬ ነው። ለቀብሩስ እውነት ነው። ነገር ግን በረራው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተከፈተ። ትኬት ቆረጥኩ። ሦስት ቀን ሲቀረው መለስኩት። እሱ የሌለበትን በር መክፈት ፈራሁ። እርስዎ በር ዘግተው ብቻዎን ሲያዩት እኔ ከዚህ ሆኜ ዕቃ እልክ ነበር፤ ዕቃ መላክ ከመምጣት ይቀላል። እና እኔ ነኝ ይቅርታ የምጠይቀው።

ቡፌውን አያፍርሱት። አዲሱን ዲስክ ይግጠሙት፤ ሦስተኛ ደግሞ አብሬ ልኬያለሁ፣ ከእንግዲህ አንዱ ብቻውን አይሆንም። ጆሮውን ይተዉት። መዳፍዎን ሳንቃው ላይ ያሳርፉ፤ ደህና ዲስክ መንቀጥቀጡ እኩል ነው፣ የታመመው ይደናቀፋል። እንጨት ላይ የእርስዎን መዳፍ ያህል የሚያውቅ የለም።

ለረመዳን ልምጣ ብል ምን ይሉኛል?

ልጅዎ ሰልሳቢል

—

አምቦ
የካቲት 6 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰልሳቢል

ወዓለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ። አላህ መንገድሽን ያቅናልሽ።

ደብዳቤሽን በዚህ ጊዜ ለሳቢራ ሰጠኋት፤ የበፊቶቹንም ሁሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ዓመት ያኮርፍ ነበር፤ እሷ ግማሽ ቀን አኮረፈችና ወጣች። ለካ እድር ቤት ሄዳ ለሴቶቹ ሁሉ ተናግራለች፦ “የሙሂዲን ሥራ ጠፍቷል፤ ሠርጋችሁን የቀረጸበት ሲዲ ያላችሁ አምጡ፣ ተገልብጦ ይመለስላችኋል።” የእኔንም ጆሮ ነገር አልደበቀችም።

መጀመሪያ የመጣው ኦቦ ኢዶሳ ነው፤ የልጁን የደራርቱን ሠርግ በስኳር ፌስታል ጠቅልሎ። እርሳሴን ከጆሮዬ ላይ አነሣና ሳንቃ ላይ ጻፈልኝ፦ “አራት ዓመት ሙሉ እያወቅን ነው አብረንህ የምንስቀው።” እኔ ደብቄያለሁ ስል እነሱ ደግሞ ማወቃቸውን ሲደብቁልኝ ኖረዋል። የምገባበት ጠፋኝ።

ከዚያ ሰው መምጣቱን አላቆመም። ከጉደር፣ ከጊንጪ፤ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ደግሞ ከባኮ ስድስት ሲዲ አምጥቷል። ግማሹ ተጭሯል፤ አንዳንዱ ባዶ ነው። አንዲት ሴት የራሷን አምጥታ ነበር፤ በር ላይ ቆማ ብዙ ካሰበች በኋላ “ከእሱ ጋር ተለያይተናል፣ ሰው እንዲያየው አልፈልግም” ብላ ለሴና ነገረቻት። መለስንላት። እስካሁን ሰባ ሦስት ገብቷል፣ በሁለቱም ዲስክ ላይ። ጠዋት ጠዋት ከሱብሂ በኋላ መዳፌን አሳርፋለሁ። የመጀመሪያ ቀን ምንም አልገባኝም፤ አሁን መብራት ሲደክም እንኳ አውቃለሁ።

ሴና በየቅዳሜው ታዳምጥና አባትሽ ያለውን ትጽፍልኛለች። አንድ ደብተር ሞልታለች። በደራርቱ ሠርግ እንዲህ ይላል፦ “ዓብዱልመጂድ፣ ዞር በል እንጂ! ሰው ሙሽራዋን ይይ ወይስ የአንተን ጀርባ?” ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፤ የዚህ ጊዜው እንኳ ሰምቼ ነው።

አንቺ ስለጠየቅሽው ደግሞ። ያ ምስል አልተገኘም፤ አይገኝምም። ሳቢራ ግን ደብዳቤሽን ስታነብ “ይሄን ነው የምትፈልገው? እኔ አጠገቡ ቆሜ አልነበር?” አለችኝ። አባትሽ ያለሽ፦ “ሻርፕሽን በር ይዞታል!” ነው። ትልቅ ቃል ጠብቀሽ ከነበር አዝናለሁ። መኪናው ከታጠፈ በኋላም ካሜራውን ሳይዘጋ ቆሞ “ሰምታኝ ይሆን? መንገድ ላይ ይቀደድባታል” ሲል እንደነበር ትምላለች።

ልምጣ ወይ ብለሽ ጠየቅሽ። የሙሂዲንን ክፍል ሳቢራ ኖራ እያስቀባችው ነው፤ ቀለሙ እስክትመጪ ይደርቃል። ከአውቶቡስ ስትወርጂ ሰው አልክም፣ መንገዱን ታውቂዋለሽ። የእንጨት ሥራ ቤቴ በቀኝ በኩል ነው፤ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ነው የምሠራው። አታንኳኪ፣ ስሜንም አትጥሪ፤ አልሰማም። ዝም ብለሽ ግቢ።

አጎትሽ ዓብዱልመጂድ